ከአዲስ ጊታር ጋር ተመርቀው በሚመጡ ዕቃዎች ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ አባት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸውን አስከትለው ጊታር ወደምጠግንባት ጠባብ ክፍሌ መጡ። ጊታሩ ከተገዛ ሁለት ወር አልሞላውም፤ ነገር ግን ክሮቹ የሚታሰሩበት ብሪጅ ከፊት ሰሌዳው ላይ ተነሥቶ ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ማስገባት ይቻል ነበር። «መምህር፣ ከካርቶኑ ውስጥ የወጣውን ክር ቀየርንለት እንጂ ሌላ ምንም አልነካነውም» አሉኝ። የተናገሩት እውነት ነው፤ ጊታሩንም የጎዳው ይኸው ነው።

አዲስ ጊታር ሲገዛ ሻጩ አብሮ የሚመርቃቸው ዕቃዎች የታወቁ ናቸው፦ ቦርሳ፣ ማንጠልጠያ፣ ሁለት ሦስት ፒክ (ክር መምቻ)፣ ካፖ (አንገቱ ላይ ተቆንጥጦ ክሮቹን በአንድነት የሚጫን)፣ በጊታሩ ራስ ላይ የሚቆነጠጥ ቲዩነር (መቃኛ)፣ መለዋወጫ ክር፣ የታጠፈች አለን ቁልፍ፣ የኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ፖስተር፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ከሆነም ኬብልና ትንሽ አምፕሊፋየር። ገዢው ሊያውቀው የሚገባው ነገር ይህ ጥቅል ብዙውን ጊዜ ለየትኛውም ጊታር እንዲሆን ተብሎ በጅምላ የተዘጋጀ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከክላሲካልም ከአኩስቲክም ጋር ያው የክር ፖስታ፣ ያው ካፖ፣ ያው ማንጠልጠያ ይወጣል። በአንድ ካርቶን መምጣታቸው እርስ በርስ ለመስማማታቸው ማረጋገጫ አይሆንም።

ከሁሉም ይልቅ የሚያናድደኝ ስህተት የተመረቀውን የብረት ክር በክላሲካል ጊታር ላይ ማሰር ነው። ክላሲካል ጊታር የተሠራው ለናይለን ክር ነው። ስድስቱ የናይለን ክሮች በትክክል ሲቃኙ በጠቅላላው ወደ 40 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ጉልበት ይስባሉ፤ የአኩስቲክ ጊታር የብረት ክር ግን ቀጭን ከሚባለው ዓይነት እንኳ የተለመደው ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ይስባል። ልዩነቱ የአሥር ዓመት ልጅ ሌት ተቀን ብሪጁ ላይ ተንጠልጥሎ እንደመኖር ነው። ብሪጁ በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ፣ የፊት ሰሌዳውም ስስ በመሆኑ መጀመሪያ ከብሪጁ በስተኋላ ያለው እንጨት እንደ ሆድ ይነፋል፤ ቀጥሎ ክሮቹ ከአንገቱ እየራቁ ስለሚሄዱ ልጁ ጣቱ እስኪላጥ ይጫናል፤ በመጨረሻም አንድ ሌሊት ቤተሰቡን የሚያስነሣ ድምፅ ይሰማና ብሪጁ ተገንጥሎ ይገኛል።

ይህ ስህተት የሚደጋገመው ሰዎች ግድየለሾች ስለሆኑ አይደለም። በክላሲካል ጊታር ላይ ያሉት ሦስቱ ወፍራም ክሮች ውስጣቸው የናይለን ጭረት ቢሆንም ላያቸው በቀጭን የብረት ሽቦ የተጠመጠመ በመሆኑ ሲያብለጨልጭ ያየ ሰው «ድሮም ብረት ነበር» ብሎ ያስባል። መለየት የሚቻለው ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች በማየት ነው፤ እነርሱ ላስቲክ መስለው የሚያሳልፉ ወይም ነጣ ያሉ ከሆኑ ጊታሩ የናይለን ነው። ሌላው ምልክት ራሱ ላይ ነው፤ የክላሲካል ጊታር ራስ ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች ያሉት ሲሆን ክሩ የሚጠቀለለው በክፍተቶቹ መካከል በተጋደሙ ነጫጭ ዘንጎች ላይ ነው። ብሪጁም ላይ ክሩ በራሱ ላይ ተቋጥሮ ይታሰራል። በአንጻሩ ከፖስታው የወጣው ክር ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት ቀለበት ካለው፣ ቀለበቷም በብሪጅ ቀዳዳ ውስጥ በትንሽ መሰኪያ ለምትያዝበት ጊታር የተዘጋጀች ከሆነች፣ ፖስታውን መልሶ መዝጋት ነው። የብረቱ ክር አስቀድሞ የታሰረ ከሆነ ስድስቱንም ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት ማላላት ያስፈልጋል። የተነሣውን ብሪጅ በሱፐር ግሉ ለመለጠፍ የሚሞክር ሰው ግን እባኩን ወደ እኔ ክፍል አይምጣ፤ ያን ደረቅ ሙጫ ፍቆ ማውጣት ከጥገናው የበለጠ ጊዜ ይወስድብኛል። በአኩስቲክ ጊታር ላይ ናይለን ማሰር ጊታሩን አይሰብረውም፤ ድምፁን ግን ያሰንፈዋል።

ሁለተኛው ስህተት የእኔም ስለሆነ ለመቆጣት አፍ የለኝም። በኤል ፊደል ቅርጽ የታጠፈችው አለን ቁልፍ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረውን የብረት ዘንግ ለማስተካከል የምታገለግል ናት። ጊብሰን የተባለው ኩባንያ በ1920ዎቹ ያስተዋወቀው ይህ ዘንግ፣ ክሮቹ አንገቱን ወደ ፊት ሲያጎብጡት በተቃራኒው በመሳብ ሚዛን ይጠብቃል። ጀማሪዎች ቁልፏን የሚያነሷት «ክሩ ከፍ ብሎብኛል፣ ዝቅ ላድርገው» ብለው ነው። የክሩ ከፍታ ግን በዋናነት የሚወሰነው በብሪጁ ላይ በተሰካው ነጭ አጥንት ወይም ፕላስቲክ ቁመት ነው። በወጣትነቴ ይህንን የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ አንድ የተዋስኩትን ጊታር ቀኝ ቀኝ እያዞርኩ ሁለት ዙር ሄድኩ፤ ቁልፏ እየጠነከረች መጣች፤ እኔም ጠነከርኩ፤ ከዚያ ከአንገቱ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ወጣ። ባለቤቱ በቀላሉ ይቅርታ አድርጎልኛል፤ እኔ ግን ቁልፏን እስከ ዛሬ ስይዝ እጄ ይሳሳል።

አንገቱ መስተካከል ያስፈልገው እንደሆነ ለማወቅ ስድስተኛውን፣ ማለትም ከሁሉ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያው ፍሬትና (ፍሬት በአንገቱ ላይ የተጋደመው ቀጭን ብረት ነው) በአሥራ አራተኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጭኖ በሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ያለውን ክፍተት ማየት ይበቃል። ክፍተቱ የአንድ የስም ካርድ ውፍረት ያህል ከሆነ ቁልፏ ከኪስ መውጣት የለባትም። ካስፈለገም በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም፤ እንደገና ተቃኝቶ አንድ ቀን ይቆያል። ብዙዎቹ ክላሲካል ጊታሮች ደግሞ ይህ ዘንግ ጭራሽ የላቸውም። አንድ ተማሪዬ ቁልፏ የምትገባበትን ቀዳዳ በክላሲካል ጊታሩ ላይ ፈልጎ ሲያጣ በካቻቢቴ ሊከፍትለት ሲሞክር ደርሼበታለሁ።

ቲዩነር ከምርቃቶቹ ሁሉ ጠቃሚው ነው፤ ስህተቱም ስውር ነው። አብዛኛው ተቆንጣጭ ቲዩነር መነሻ ድምፁን ከ440 ኸርዝ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚቀይር አዝራር አለው፤ ይህች አዝራር ቦርሳ ውስጥ ተጭና ቁጥሩን ለውጣው ትገኛለች። በአንድ ወቅት አራት ተማሪዎችን አብሬ ሳስጠና ሦስቱ ሲስማሙ አራተኛዋ ልጅ ብቻ ትቆረቁራለች። ደጋግማ ቃኘች፤ ስክሪኑ አረንጓዴ ይበራል፤ ጆሮዬ ግን እምቢ አለ። ቲዩነሯን ተቀብዬ ሳይ 445 ላይ ቆሟል። ይህ የግማሽ ድምፅን አንድ አምስተኛ ያህል ከፍ ማለት ነው፤ ብቻዋን ስትጫወት ማንም አያውቅባትም፤ ከሰው ጋር ስትሆን ግን ጥፋቱ ጎልቶ ይሰማል። ልጅቷ ለሦስት ሳምንት «ጆሮ የለኝም» ብላ ስታዝን ከርማ ነበር።

በዚሁ ላይ የጊታር፣ የዩኩሌሌ፣ የቫዮሊንና ክሮማቲክ የሚባለውን መምረጫ ሳያዩ መቃኘት አለ። ክሮማቲክ ላይ ሲሆን ሁሉንም ድምፅ ያነባል፤ ክራር በቤቱ ያለ ሰውም በዚሁ ቲዩነር ክራሩን መቃኘት ይችላል። ሆኖም ስክሪኑ የፊደሉን ስም እንጂ የትኛው ኦክታቭ (ያው ድምፅ በየትኛው ከፍታ ላይ) እንደሆነ ስለማይናገር፣ የላላ አዲስ ክር የሚያስር ጀማሪ ትክክለኛውን ድምፅ አልፎ የሚቀጥለውን ፍለጋ ሲወጥር ክሩ ፊቱ ላይ ይበጠሳል። ክሩ እየጠጠረ መሄዱን ጣት ካወቀው ስክሪኑ ምንም ቢል ማቆም ይገባል።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጡ የኤሌክትሪክ ጊታር ጥቅሎችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ማስታወስ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ከሜሪላንድ ወይም ከዳላስ አክስት ለወንድሟ ልጅ የምትልከው ጥቅል ውስጥ ያለው ትንሽ አምፕሊፋየር ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ቮልት ነው። የሶኬቱን ጥርስ የሚቀይር ማያያዣ ከሱቅ ገዝቶ መሰካት ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። እንዲህ ተሰክቶ የመጣልኝን አንድ አምፕ ስከፍተው ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሽታው ክፍሉን አልለቅ ብሎ ሁለት ቀን ቆይቷል። ከመሰካት በፊት የኋላ ሰሌዳውን ማንበብ ነው። «100–240» የሚል ቢኖር በማያያዣው ብቻ ይሠራል፤ «120» ብቻ ከተጻፈበት ግን ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የትራንስፎርመሩም አቅም በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ዋት መብለጥ አለበት።

ቦርሳውን የምንወቅሰው በማይችለው ሥራ ነው። ስፖንጅ የሌለው ስስ ቦርሳ አቧራና ካፊያ ይከላከላል፤ ከዚያ በላይ የሚጠበቅበት ነገር የለም። ይህንኑ ቦርሳ ለብሶ ሚኒባስ ላይ ከጆንያና ከሻንጣ ጋር የተጫነ ጊታር ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው በአንገቱና በራሱ መጋጠሚያ ላይ ነው። ሌላው ሰዎች የማያስተውሉት ጉዳት የሚመጣው ከፊት ኪሱ ነው፤ ካፖውንና አለን ቁልፏን እዚያ አስገብተው ቦርሳውን ሲያጋድሙት ብረቱ በቀጥታ የፊት ሰሌዳው ላይ ይጫንና ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል። ብረት ነገር ሁሉ በጊታሩ ራስ አካባቢ ባለው ባዶ ቦታ ወይም በሌላ ቦርሳ ይያዝ።

ካፖው ጎበጥ ያለ ከሆነ ለአኩስቲክ ነው። የክላሲካል ጊታር አንገት ገጹ ሜዳና ሰፊ ስለሆነ ጎባጣው ካፖ ዳርና ዳሩን ወይም መሐሉን ብቻ ይጫንና የቀሩት ክሮች ይንዛዛሉ፤ ተማሪውም ጣቱን ይወቅሳል። ፒክ ክላሲካል ጊታር ላይ መጠቀም ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን መከላከያ ሰሌዳ ስለሌለው በአንድ ክረምት ከቀዳዳው በታች ያለው ቫርኒሽ ተጭሮ ያልቃል። ማንጠልጠያው የሚታሰርበት ቁልፍ በሌለበት ጊታር ላይ ቤት ውስጥ ባገኙት ምስማር ቀዳዳ አይብሱ።

የኮርድ ፖስተሩን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጉዳት የለውም፤ ሁሉንም በአንድ ወር እሸመድዳለሁ ማለት ግን ጀማሪን ያደክማል። የአገራችንን ዜማ ለመጫወት የመጣ ተማሪም ፖስተሩ መልስ ሲያጣበት ተስፋ ይቆርጣል። ትዝታ በሜጀር ኮርድ በቀላሉ ይታጀባል፤ አንቺሆዬ ግን ከመነሻው ድምፅ በላይ ኮርዶቹ የሚቆሙበት ትክክለኛው አምስተኛ ድምፅ ስለሌለው በመነሻው ድምፅ ላይ የሚቆመው የፖስተሩ ሜጀር ወይም ማይነር ኮርድ ይጣላዋል። ይህ የተማሪው ድክመት አይደለም፤ ፖስተሩ ሲዘጋጅ አንቺሆዬን ያሰበው ሰው አልነበረም።

በካርቶኑ ውስጥ ያለችው ነጭ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ምርቃት ባትሆንም ብዙዎች ይጠቅማል ብለው ከጊታሩ ጋር ያኖሯታል። እርሷ የተቀመጠችው ለባሕር ጉዞው ነው። ለእንጨቱ የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ሲሆን በአዲስ አበባ በጋ አየሩ ከዚህ በታች ይወርዳል፤ በደረቀ ወር እርጥበት የሚመጥ ነገር በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ መተው እንጨቱን ይበልጥ ያኮማትረዋል። የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጠርዝ ወጥቶ እጅ መቧጨር ሲጀምር የደረቀው ጊታሩ መሆኑን ማወቅ ነው። ሕፃን ያለበት ቤትማ ከረጢቷ ወዲያው ትጣል።

ሱቅ ውስጥ ስለሚሠራው ስህተት አጭር ነገር ልበል። ገዢው «ካፖም መርቅልኝ፣ ፒክም ጨምርልኝ» እያለ ሲከራከር ጊታሩን ራሱን መመርመር ይረሳል፤ ሻጩም ቢሆን ይህን ያውቃል። እኔ ለተማሪዎቼ የምመክራቸው መጀመሪያ የጊታሩን ብቻ ዋጋ እንዲጠይቁ፣ አንገቱን በአንድ ዓይን ከራሱ ወደ ብሪጁ አነጣጥረው እንዲያዩ፣ በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ እያንዳንዱን ክር እንዲሞክሩ ነው። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ምርቃቶች ትተው ለጊታሩ በሚስማማ አንድ ጥሩ ክር እንዲለወጥላቸው ቢጠይቁ ብዙ ሻጮች አይከለክሏቸውም።

የዚያ ልጅ ጊታር ብሪጁ ተነቅሎ፣ አሮጌው ሙጫ ተፍቆ፣ እንደገና ተጣብቆ አንድ ሙሉ ቀን በማጥበቂያ ታስሮ ዋለ። አባትዬው ሊወስዱት ሲመጡ የብረት ክሮቹን ወደ ፖስታቸው መልሼ ሰጠኋቸው፤ በፖስታው ላይ በስክሪብቶ «ለዚህ ጊታር አይደለም» ብዬ ጽፌበታለሁ።