ሲያናድድም ሲያሰለችም፦ ከባድ የአቫንጋርድ ፒያኖ ሙዚቃን እንዴት እናዳምጥ?

የተለመደውን ዜማና ምት ሆን ብሎ የሚተወውን የአቫንጋርድ ፒያኖ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይስቃል፣ ይናደዳል፣ ይሰለቻል፣ ካልሆነም «ቁልፎቹን ዝም ብሎ መደብደብማ እኔም እችላለሁ» ይላል። ከእነዚህ አንዱም የሚያሳፍር አይደለም። ችግር የሚመጣው ስሜቱን እንደ መጨረሻ ፍርድ ቆጥረን ሙዚቃውን ስንዘጋው ነው። ንዴትም መሰልቸትም ጆሮ የለመደውን ነገር ፈልጎ እንዳጣ ይናገራሉ። ያጣው ምን እንደሆነ ከተለየ በምትኩ ምን እንደሚፈልግ ማስተማር ይቻላል። የዚህ መመሪያ ሥራም ይኸው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆሮ ለምን ይበሳጫል

የለመዱትን ዓይነት ዜማ ሲሰሙ ጆሮዎ ከሙዚቃው ፊት ፊት ይሄዳል። ቀጥሎ የትኛው ድምፅ እንደሚመጣ፣ ምቱ የት እንደሚወድቅ፣ ዜማው ወዴት ተመልሶ እንደሚያርፍ ይገምታል። ግምቱ ሲሠምር ደስ ይለዋል፤ በመጠኑ ሲሳሳት እንዲያውም ይበልጥ ደስ ይለዋል። ይህን ችሎታ ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረዎትም፤ ከልጅነት ጀምሮ በመስማት ብቻ የተጠራቀመ ነው። አቫንጋርድ ፒያኖ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይነሳዋል። ማረፊያ ድምፅ የለም፣ በእግር የሚከተሉት ምት የለም፣ ተመልሶ የሚመጣ አዝማች የለም። ግምቱ በየሰከንዱ የሚከሽፍበት ጆሮ ይደክማል፤ ድካሙም በአንዱ ሰው ላይ ንዴት፣ በሌላው ላይ እንቅልፍ ሆኖ ይወጣል።

ሁለተኛው ምክንያት አካላዊ ነው። ከፍታቸው በጣም የተቀራረበ ሁለት ድምፆች አብረው ሲመቱ በውስጠኛው ጆሮ ላይ የሚያነቃንቁት ቦታ ስለሚደራረብ ጥርት ብለው አይለዩም፤ ይርገበገባሉ፣ ይሻክራሉ። ሻካራነቱ በፒያኖው ግራ በኩል፣ በወፍራሞቹ ድምፆች አካባቢ ይብሳል። በቀኝ በኩል ሲመታ የሚያብረቀርቅ የድምፆች ስብስብ ወደ ግራ ሲወርድ የሚጎረብጠው ለዚህ ነው። ክላስተር የሚባለው፣ ማለትም ጎን ለጎን ያሉ ብዙ ቁልፎችን በመዳፍ ወይም በክንድ ባንዴ መምታት፣ ይህንኑ ሻካራነት ሆን ብሎ ይጠቀምበታል።

ሦስተኛው ትውስታ ነው። ጆሮ ድምፆችን በቡድን በቡድን ጠቅልሎ ካልያዘ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያመልጡታል። እዚህ መጠቅለያው ገና ስላልታወቀ አሥር ደቂቃ ያዳመጠ ሰው ምን እንደሰማ ቢጠየቅ መልስ ያጣል። ስለዚህ አንድ አጭር ሥራ አምስት ጊዜ መስማት፣ ረጅሙን አንዴ ችሎ ከመጨረስ እጅግ ይበልጣል። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። የሙዚቃ ቀማሪው አርኖልድ ሾንበርግ ከ1918 እስከ 1921 በቪየና ይመራው የነበረው የአዲስ ሙዚቃ ማኅበርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ሥራዎቹ ይደጋገማሉ፣ የዕለቱ ዝግጅት አስቀድሞ አይነገርም፣ ማጨብጨብም ተቃውሞ ማሰማትም ክልክል ነው። ፍርድ ዘግይቶ እንዲመጣ ማለት ነው።

ዝግጅት

የስልክ ድምፅ ማጉያ አይጠቀሙ። ወፍራሞቹን የፒያኖ ድምፆች በሚገባ አያወጣም፤ ግማሹ ሥራ ጠፍቶ «ቀጭንና የሚንጫጫ» መስሎ ይሰማል። መካከለኛ ደረጃ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። መተግበሪያው የድምፅ መጠንን በራሱ እኩል የሚያደርግ ቅንብር ካለው ያጥፉት፤ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ በሹክሹክታና በጩኸት መካከል ያለው ርቀት የድርሰቱ አካል ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በመጠኑ ላይ ነው። ሥራው በለሆሳስ ሲጀምር ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ድንገት ኃይለኛ ምት ይመጣና ይደነግጣሉ። ድንጋጤው ከማሰብ በፊት የሚመጣ የሰውነት ምላሽ ነው፤ ሰሚው ግን «ሙዚቃውን ጠላሁት» ብሎ ይተረጉመዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ የሥራውን ኃይለኛ ቦታ ፈልገው ጆሮ በማያስቸግር መጠን ያስተካክሉት፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው መጠኑን አይንኩት። ለስላሳው ክፍል እንዲሰማ ክፍሉን ጸጥ ያድርጉ እንጂ ድምፁን አይጨምሩ።

አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ምግብ እየሠሩ ወይም እየጻፉ ማዳመጥ ለዚህ ሙዚቃ አይሆንም፤ ግማሽ ልብ ለሚሰጠው ሰው በእርግጥም ጫጫታ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ አንድ ደቂቃ፣ አምስት ጊዜ

በሾንበርግ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 19፣ በስድስቱ ትንንሽ የፒያኖ ሥራዎች፣ ሁለተኛው ይጀምሩ። የተጻፈው በ1911 ነው፤ ርዝመቱ ዘጠኝ ባር (የኖታ ክፍልፋይ)፣ ጊዜው አንድ ደቂቃ ገደማ።

1. መጀመሪያ ምንም ሳይፈልጉ ይስሙት። ሲያልቅ ስሜትዎን በአንድ ቃል ይጻፉ። «አልገባኝም» ስሜት አይደለም፤ «ቀዝቃዛ»፣ «የሚያናድድ»፣ «ባዶ» የሚሉ ቃላት ግን ይሠራሉ።
2. ሶልና ሲ (G እና B) የተባሉት ድምፆች አብረው፣ አጠር አጠር ብለው ሲመቱ ሥራው ይከፈታል። በሁለተኛው ዙር እነዚህን ሁለት ድምፆች ብቻ ይከተሉ። ሲመጡ ጣትዎን ያንሱ።
3. አሁን እነሱን ይተዉና በላያቸው የሚንቀሳቀሰውን ዜማ ይስሙ። እንደ ንግግር ነው፤ ይጀምራል፣ ይቆማል፣ ሐሳብ ይለውጣል።
4. ዝምታውን ብቻ ያዳምጡ። የትኛው ዝምታ ውጥረት አለው? የትኛው ያሳርፋል?
5. በማግስቱ አንዴ ይስሙትና እንደገና አንድ ቃል ይጻፉ። ከዚያ ሁለቱን ቃላት ያስተያዩ።

ሁለተኛውን ዙር ሰዎች ይዘሉታል። መዘለል የሌለበት ግን እሱ ነው፤ ያ ደረቅ ድግግሞሽ ጠፍቶ የነበረውን ማረፊያ ለጆሮ ይመልስለታል። አንዴ ከተያዘ በኋላ ሌላው ድምፅ ሁሉ ከእሱ ጋር ባለው ርቀት ይሰማል።

ከዚህ ቀጥሎ የዚያኑ ስብስብ ስድስተኛ ይስሙ። አምስቱ በአንድ ቀን፣ የካቲት ወር ውስጥ ነው የተጻፉት፤ ስድስተኛው ግን በሰኔ፣ የሙዚቃ ቀማሪው ጉስታፍ ማህለር በሞተ በወሩ የተጨመረ ነው። ሁለት ለስላሳ የድምፅ ስብስቦች በየተራ ይመጣሉ፣ ይቆያሉ፣ ይከስማሉ። በዚህ ሥራ ላይ የጉሮሮ መተናነቅ የሚሰማቸው ሰዎች አሉ፤ እንግዳ ነገር አይደለም።

«ዝም ብሎ መደብደብ ነው» ሲሉ

ይህ ጥርጣሬ በክርክር አይፈታም፤ በሙከራ ግን ይፈታል። የቀማሪውን የአንቶን ቬበርንን ቫሪየሽኖች (አንድ ሐሳብ መልኩን እየለወጠ የሚመላለስባቸው ሥራዎች)፣ ኦፐስ 27፣ ሁለተኛ ክፍል በሁለት የተለያዩ ፒያኒስቶች ይስሙ፤ ግሌን ጉልድም ማውሪዚዮ ፖሊኒም ቀርጸውታል። ክፍሉ ከአንድ ደቂቃ በታች ስለሆነ ሁለቱን በተከታታይ ሦስት ሦስት ጊዜ መስማት ቀላል ነው። ፍጥነታቸውና አነካካቸው ይለያያል፤ ያ እንደ መሰናከል የሚሰማው ዝላይ ግን በሁለቱም ላይ እዚያው ቦታ ይመጣል።

ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ድምፆቹ «ላ» (A) በተባለው መሐለኛ ድምፅ ዙሪያ እንደ መስታወት ተደርድረዋል። አንዱ እጅ ከላ በላይ የተወሰነ ርቀት ሲመታ ሌላው በዚያው ልክ ከላ በታች ይመታል። አልፎ አልፎ ሁለቱ እጆች እዚያው ላ ላይ ይገናኛሉ፤ ያኔ አንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሲመታ ይሰማል። እነዚያን ቦታዎች ማደን ጥሩ ልምምድ ነው።

ኦሊቪየ ሜሲያን በ1949 የጻፈው «ሞድ ደ ቫለር ኤ ደንታንሲቴ» ጥርጣሬውን በሌላ በኩል ይፈትናል። 36 የድምፅ ከፍታዎች፣ 24 ርዝመቶች፣ 12 የአመታት ዓይነቶችና 7 የኃይል ደረጃዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ድምፅ በመጣ ቁጥር የራሱን ርዝመት፣ አመታትና ኃይል ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዜማ አይፈልጉ። አንድ ጎላ ያለ ወፍራም ድምፅ ይምረጡና እስኪመለስ ይጠብቁ። ሁልጊዜ በዚያው መልኩ ይመለሳል። ሰማይ ላይ አንዲት ኮከብ ለይቶ እንደ ማየት ነው፤ ሌሎቹ በእሷ ዙሪያ ቦታ ይይዛሉ።

ሲበዛብዎት

ያኒስ ክሴናኪስ በ1961 የጨረሰው «ሄርማ» ድምፆችን በመላው 88 ቁልፍ ላይ ይበትናል። መጀመሪያ ላይ ነጠላ ነጠላ ጠብታዎች ናቸው፤ ከዚያ እየጠበቡ መጥተው ይዘንባሉ። እያንዳንዱን ጠብታ ለመከተል የሞከረ ሰው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ራሱን ያመዋል። በነጠላ ድምፅ ፋንታ ጥግግትን ይከታተሉ፤ አሁን ሳሳ? ተጨናነቀ? በስንት ጊዜ ውስጥ? ወረቀት ላይ አንድ መስመር እየሳቡ ሲጨናነቅ ከፍ፣ ሲሳሳ ዝቅ ያድርጉት፤ ዝምታ ሲመጣ መስመሩን ይቁረጡ። ከሦስት ዙር በኋላ መስመሮቹ መመሳሰል ይጀምራሉ። የሥራው ቅርጽ እሱ ነው።

ጆሮ በጣም የሚዘልሉ ፈጣን ድምፆችን በራሱ ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ የላዮቹ ለብቻ፣ የታቾቹ ለብቻ። ይህን ይጠቀሙበት። አንዱን ዙር ቀጫጭኖቹን ብቻ፣ ቀጣዩን ወፍራሞቹን ብቻ ይስሙ። ለልምምድ የሊጌቲ የመጀመሪያ ኤቱድ (የመለማመጃ ሥራ)፣ «ዴዞርድር» (1985)፣ ይሻላል። ቀኝ እጅ በነጭ ቁልፎች፣ ግራ እጅ በጥቁር ቁልፎች ብቻ ይሄዳል፤ ጠንከር ያሉት ምቶች አብረው ይጀምሩና ቀስ በቀስ ይለያያሉ። የተለያዩበትን ቅጽበት መያዝ በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ብዙ ያስተምራል።

ኖታ እያዩ መስማት ይረዳል? ከአራተኛው ዙር በኋላ፣ አዎ። ከዚያ በፊት ዓይን ጆሮን ይቀድመዋል፤ ያዩትን እንደሰሙት ይቆጥራሉ። የብራያን ፈርኒሆው «ሌማ-አይከን-ኤፒግራም» (1981) ኖታ ላይ ምት በምት ውስጥ ተደራርቦ ይታያል። ያንን ስሌት በጆሮ ለመፍታት አይሞክሩ፤ የሚሰማው ስሌቱ ሳይሆን በእጆቹ ላይ የሚፈጥረው ትግል ነው።

ሲሰለችዎት

መሰልቸት ሁለት ዓይነት ነው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። አንደኛው በመብዛት የሚመጣው ነው። ያኔ ያቁሙ፤ በአንድ መቀመጫ ከ15 ደቂቃ አዲስ ሙዚቃ በላይ ጀማሪን አንመክርም። ሁለተኛው በማነስ የሚመጣው ነው። የሽቶክሃውዘን «ክላቪርሽቱክ 9» አራት ድምፅ ያለውን አንድ ስብስብ 139 ጊዜ በመደጋገም ይከፍታል፤ ከኃይለኛ ወደ ለስላሳ እየወረደ፣ ቀጥሎም 87 ጊዜ። ሃያኛው ላይ ሰሚው «ገባኝ፣ ይበቃል» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። ኃይሉ ሲቀንስ የአራቱ ድምፆች ሚዛን ይናወጣል፤ አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው ይጎላል፣ አንዱ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። በእያንዳንዱ ምት ከአራቱ የትኛው እንደጎላ ይጠይቁ፤ መሰልቸቱ ሥራ ያገኛል።

ሳቅ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ይሳቁ፤ ውጥረቱ ሲወጣ ሁለተኛው ዙር ይቀላል። ንዴት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛየንስ በ1968 ባሳተመው ጥናት መልመድ ብቻውን መውደድን እንደሚያመጣ ቢያሳይም፣ ከመጀመሪያው አጥብቆ የተጠላ ነገር ሲደጋገም ጥላቻው ሊጠነክር ይችላል። ስለዚህ እየተናደዱ አይድገሙ። ይዝጉት፣ ሁለት ቀን ይተዉት፣ ሲመለሱ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ብቻ ይስሙ።

ረጃጅሞቹ

ሶራብጂ በ1930 የጨረሰው «ኦፐስ ክላቪቼምባሊስቲኩም» አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 12 ክፍሎች ስላሉት በቀን አንድ ክፍል ይመድቡ፤ ርዝመታቸው ግን እኩል እንዳልሆነ ይወቁ። ከአራቱ ፉጋዎች (ጭብጥ በተለያዩ ድምፆች እየተከታተለ የሚገባባቸው ክፍሎች) አንደኛው ጥሩ በር ነው፤ አንድ ጭብጥ ብቻ ስላለው ጆሮ የሚይዘው ገመድ ያገኛል። ከዚያ 81 ቫሪየሽን ያለውን ፓሳካሊያ (በሚደጋገም ጭብጥ ላይ የተሠራ ክፍል) ይሞክሩ፤ ጭብጡ ሲመለስ እየቆጠሩ መሄድ ይቻላል።

አዳራሽ ውስጥ ከሆኑ መቀመጫዎን ከመሐል ትንሽ ወደ ኋላ ይምረጡ። እጆቹ የሚታዩበት የግራ ወገን ያጓጓል፤ ነገር ግን በጣም ሲቀርቡ ትርኢቱ ጆሮን ይነጥቃል፣ ሰውም «እንዴት ቻለው!» እያለ ሳይሰማ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ ዓይን መጨፈን ይህን ያርመዋል።

በአምስት ዙርና በሳምንት ዕረፍት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቃል ያው ከሆነ ሥራውን ይተዉትና የሙዚቃ ቀማሪ ይለውጡ። የክሴናኪስ ዝናብ ያልሆነለት ሰው የሞርተን ፌልድማን «ትራያዲክ ሜሞሪስ» (1981) ሊሆንለት ይችላል፤ ለሰዓት ከግማሽ ያህል እጅግ በለሆሳስ፣ ድምፅ በድምፅ እየተንጠባጠበ ይሄዳል። በፌልድማን እንቅልፍ የሚወስደው ደግሞ በክሴናኪስ ይነቃል። ወረቀቱን አይጣሉት፤ የትኛው ቃል በየትኛው ሥራ ላይ እንደተጻፈ ሲያዩ ቀጣዩን ለመምረጥ ከማንም ምክር ይልቅ ያገለግልዎታል።