የድሮ የውጭ ንግድ አሃዞችን ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጅቡቲን ወደብ መዝገብ አንስቶ «የኢትዮጵያ ንግድ» ብሎ መጥራት የተለመደ ስህተት ነው። በባሮ ወንዝ ከጋምቤላ ወደ ሱዳን የወረደው የምዕራቡ ቡና፣ በምጽዋ ያለፈው የሰሜኑ ቆዳ እዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ የጅቡቲ አሃዝ ቢያድግም ሁሉም አዲስ ንግድ አልነበረም፤ ቀድሞ በግመል ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ የነበረ ጭነት መንገድ ስለቀየረም ጭምር ነው።

መድረሻ የተባለውን አገር ገዢ አድርጎ መውሰድም ያሳስታል። ቡናው «ወደ ኤደን» (የየመኗ ወደብ) ተብሎ ስለተጻፈ ኤደኖች ጠጥተው ጨረሱት ማለት አይደለም። ኤደን ተቀብላ የምታሳልፍ ወደብ ነበረች።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ግን ድንበር ሲለዋወጥ አሃዙን እንደ አንድ ተከታታይ መስመር ማንበብ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1952 ከመሀል አገር ወደ ኤርትራ የሚሄድ እህል የውጭ ንግድ ነበር፤ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሃድ በአንድ ጊዜ የአገር ውስጥ ንግድ ሆነ። የወደቦቹና የውጭ ንግዱ ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ስለተሰጠ ከምጽዋ የሚጫነው የኤርትራ ምርት በኢትዮጵያ ወጪ ንግድ ላይ ተደመረ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። አንዳችም ገበሬ ማሳውን ሳያሰፋ ወይም ሳያጠብ ሠንጠረዡ ይዘላል፣ ይወርዳል። ከ1952 በፊትና በኋላ ያለውን አነጻጽሮ «ዕድገት» የሚል ሰው ካርታውን አልተመለከተም።

ብርም እንዲሁ ያታልላል። እ.ኤ.አ. እስከ 1992 አንድ የአሜሪካ ዶላር 2.07 ብር ነበር፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጀመሪያ (መስከረም 1985 ዓ.ም.) 5 ብር ሆነ። የ100 ዶላር ቡና በመዝገቡ ላይ ከ207 ወደ 500 ብር ሲዘል አንዲት ፍሬ አልተጨመረችም። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ስለሆነ የ1985 ዓ.ም. አሃዝ ሁለቱንም ምንዛሪ ተሸክሟል። ከዓመት ይልቅ ወርን፣ ከብር ይልቅ ቶንን መፈለግ ይሻላል።

የሁለት አገሮች መዝገብ ስላልተጣጣመ አንዱን ሐሰተኛ ለማለት አይቸኩሉ። በአስመጪው አገር መዝገብ የገቢ ዕቃው ዋጋ ኢንሹራንስና የማጓጓዣ ወጪ ጭምር ይቆጠርበታል፤ በላኪው አገር መዝገብ የወጪ ዕቃው ዋጋ ግን አይቆጠርበትም። ወደብ ለሌላት አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በመዝገብ ያልታየ ነገር ሁሉ የለም ማለትም አይደለም። ከሶማሌ ክልል በእግሩ የሚወጣ ከብት፣ በግና ፍየል ያለ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ማስታወቂያ ሰነድ) ድንበር ተሻግሮ በሶማሊላንዱ ወደብ በርበራ ላይ ሲጫን የኢትዮጵያ ጉምሩክ አያየውም። የቁም እንስሳት ወጪን የሚመረምር ሰው የበርበራን መዝገብም መክፈት ይኖርበታል።