የቀላል ባቡር ተሳፋሪ አቆጣጠር፦ የተሳፈረውንም፣ ባቡሩ ጥሎት የሄደውንም

ባቡሩ በቀን ስንት ሰው እንደሚያመላልስ ማወቅ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገላብጠው የትኬት ሽያጭ መዝገብ ነው። መዝገቡ ስንት ትኬት እንደተሸጠ ይናገራል፤ ስንት ሰው እንደተሳፈረ ግን አይናገርም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። እንዲህ ባለ አከፋፈል ለአጭር ርቀት ቆርጦ እስከ መጨረሻው ጣቢያ የሚዘልቅ አይጠፋም፤ ጭራሽ ሳይቆርጥ የሚገባም አለ። የዋሽንግተን ዲሲው የኤች ስትሪት ስትሪትካርማ (በመኪና መንገድ ላይ የሚሄድ የከተማ ባቡር) በ2016 እ.ኤ.አ. በነፃ ነው ሥራ የጀመረው፤ ስለዚህ የሚቆጠር ትኬትም አልነበረውም። ቆጠራው መጀመር ያለበት ከባቡሩ በር ላይ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት

ማን እንደ ተሳፋሪ እንደሚቆጠር አስቀድማችሁ በጽሑፍ ወስኑ። የታዘለ ሕፃን ይቆጠራል? የጥበቃና የጽዳት ሠራተኛስ? ለሌላው መንገድ ለመልቀቅ ወርዶ ተመልሶ የሚገባ ሰው እንዴት ይያዛል? ይህኛው መቆጠር የለበትም። በተጨናነቀ ሰዓት እየወረደ የሚገባው ብዙ ስለሆነ የወራጁንም የተሳፋሪውንም ቁጥር ያለ አግባብ ያሳብጠዋል። ለሌሎቹ ውሳኔው የቱም ቢሆን ግድ የለም፤ ዋናው ነገር ሁሉም ቆጣሪ አንድ ዓይነት ማድረጉ ነው።

ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ፤ ቅጹ ላይም ከላይ በግልጽ ይታተም። አንዱ ቆጣሪ «1:30» ሌላው «7:30» ብሎ ስለ አንድ ባቡር ቢጽፍ የጠዋቱ ግፊያ እኩለ ቀን ላይ ይመጣና ግራፉ ሁሉ ይበላሻል። ይህ ስህተት ኤክሴል ላይ ከገባ በኋላ ለመያዝ አስቸጋሪ ነው።

ለቀን ምርጫ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ይሻላል። ግን የወሩን ቀንም ተመልከቱ። ከጣቢያዎቹ አንዳንዶቹ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ናቸው፦ ልደታ በ1፣ ሚካኤል በ12፣ እስጢፋኖስ በ17፣ ዑራኤል በ22 የተለየ ሕዝብ ይመጣባቸዋል። የዘወትሩን ቀን የምትፈልጉ ከሆነ እነዚህን ቀኖች ዝለሉ። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ክረምት የተቆጠረውንም ከኅዳር ወይም ከየካቲት ቆጠራ ጋር አትቀላቅሉ።

በባቡሩ ውስጥ

ለእያንዳንዱ በር አንድ ሰው መድቡ። ለእያንዳንዱ ሰው በአውራ ጣት የሚጫኑ ሁለት ቆጣሪዎች ይሰጡት፤ በቀኝ እጁ የሚሳፈረውን፣ በግራው የሚወርደውን ይቆጥራል። የሚጽፍበት እርሳስ ይሁን፤ ዝናብ ብዕርን ያጠፋል። የሚቆመው የበሩ ጠርዝ ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ነው። መሀል ላይ ከቆመ ሕዝቡ ገፍቶ ይወስደዋል።

ቆጣሪውን በየጣቢያው ወደ ዜሮ አትመልሱ። ከመነሻ እስከ መድረሻ እንዲደማመር ተዉትና በየጣቢያው የሚያሳየውን ቁጥር ብቻ ጻፉ፤ መቀነሱ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። በግፊያ መሀል ወደ ዜሮ ለመመለስ የሚታገል ሰው ሦስት አራት ተሳፋሪ ያመልጠዋል፤ አንድ ጣቢያ ሳይጻፍ ቢታለፍ እንኳ በድምሩ የጉዞው ጠቅላላ ቁጥር ይተርፋል።

ባቡሩ ከመነሻው ሲወጣ ውስጥ ያለው ሰው ዜሮ ነበር ብላችሁ አታስቡ። መቀመጫ ለማግኘት ከአንድ ሁለት ጣቢያ በፊት ወደ ኋላ ተሳፍሮ መጨረሻው ላይ ሳይወርድ የሚመለስ ሰው አለ። በሩ ሲዘጋ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ ቁጠሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ቀላል ነው፤ በነበረው ላይ የተሳፈረውን መደመር፣ የወረደውን መቀነስ። ለማሳያ ያህል፣ አያት ላይ 45 ሰው ይዞ የተነሳ ባቡር መሪ ላይ 30 ተሳፍረው 2 ቢወርዱ 73 ይዞ ይሄዳል፤ ሲኤምሲ ላይ 38 ተሳፍረው 5 ቢወርዱ 106 ይሆናል። ጦር ኃይሎች ሲደርስ የመጨረሻዎቹም ወርደው ድምሩ ዜሮ መምጣት አለበት። ዜሮ አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው የወራጁ ቁጥር ነው፤ በሩ ሲከፈት ሰው በአንድ ላይ ስለሚፈስ። መነሻውን ጨምሮ የተሳፈረው 412፣ የወረደው 398 ቢሆን ልዩነቱ 3.4 በመቶ ነው፤ በየጣቢያው የወረደውን በ1.035 አባዙና ይስተካከላል። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ ወይም መንገድ ላይ የተሳፋሪው ቁጥር ከዜሮ በታች ከወረደ ግን ያንን ጉዞ ጥላችሁ እንደገና ቁጠሩ።

በየሁለቱ ጣቢያ መካከል ባቡሩ ውስጥ የነበረውን ሰው በመካከላቸው ባለው ኪሎ ሜትር አባዝታችሁ ብትደምሩ የተሳፋሪ ኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ፤ ለተሳፈረው ቁጥር ሲካፈል አማካይ የጉዞ ርቀት ይወጣል። የትኬቱ መዝገብ እውነት መናገር አለመናገሩ እዚህ ላይ ይለያል። አብዛኛው ትኬት የአጭር ርቀት ሆኖ አማካይ ጉዞው ረጅም ከሆነ፣ ሰው ከከፈለው በላይ እየሄደ ነው።

ባቡሩ ሞላ የሚባለው መቼ ነው?

አምራቹ የጻፈውን አቅም ብቻ አትመኑ፤ ቁጥሩ በካሬ ሜትር ስንት ሰው ይቆማል ተብሎ እንደተሰላ ስለሚለያይ። መቀመጫውን ቁጠሩ፣ የመቆሚያውን ወለል በሜትር ለኩ። መቀመጫው 60፣ ወለሉ 35 ካሬ ሜትር ቢሆን በካሬ 4 ሰው ሲቆም 200፣ 6 ሰው ሲቆም 270 ይይዛል። በ4 ሰው ቆሞ መሄድ ይቻላል፤ በ6 ግን መሀል ያለ ሰው ጣቢያው ሲደርስ መውረድ ይቸግረዋል፣ በሩም ቶሎ አይዘጋም፤ ከኋላ ያለው ባቡር ሁሉ ይዘገያል።

የሰዓት ድምርም ይሸውዳል። በሩብ ሰዓት ከፋፍላችሁ 310፣ 420፣ 390 እና 280 ቢመጣ ድምሩ 1,400 ነው። ከፍተኛው ሩብ በአራት ሲባዛ 1,680 ይሆናል፤ 1,400 ለ1,680 ሲካፈል 0.83፤ የሰዓቱ ድምር ከፍተኛው ሩብ ከሚጠይቀው 83 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ማለት ነው። ባቡር የምትመድቡት ለ1,400 ከሆነ በሁለተኛው ሩብ ሰዓት የመጣው ሰው ጣቢያ ላይ ይቀራል።

የቀረውን ሰው ቁጠሩ

ይህን ክፍል ብዙ ቆጠራዎች ይዘሉታል፤ በእኛ ሁኔታ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ለአዲስ አበባ 41 ባቡሮች ተገዝተው ነበር፤ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ባቡር ባነሰበት መስመር የተሳፋሪ ቁጥር የሚለካው ባቡሩ መያዝ የቻለውን ነው፤ ሕዝቡ የፈለገውን አይለካም። ተሳፋሪ ቀነሰ ተብሎ ባቡር ሲቀነስ ቁጥሩ እንደገና ይቀንሳል፤ ሰው ባቡር ጠላ ማለት ግን አይደለም።

ጣቢያው ላይ ሦስት ሰው ይቁም። አንዱ በመግቢያው ወደ መሳፈሪያው የሚመጣውን በየ5 ደቂቃው፣ አንዱ የሚሳፈረውን፣ ሦስተኛው ተስፋ ቆርጦ ወደ ታክሲ የሚመለሰውን ይቁጠር። በአንድ ሰዓት 900 ሰው መጥቶ አራት ባቡር እያንዳንዱ 150 ቢወስድ 600 ተሳፍሯል፤ 80 ከተመለሰ 220 አሁንም ቆሟል። ሪፖርቱ ላይ 600 ብቻ ቢጻፍ ከመጣው ሦስተኛው እጅ ያህል እንዳልነበረ ይቆጠራል። ባቡር በሄደ ቁጥር የቀረውን እየቆጠሩ መደመርም ስህተት ነው፤ ሁለት ባቡር ያመለጠው አንድ ሰው ሁለት ይሆናል። ከመጣው ድምር የተሳፈረውንና የተመለሰውን ቀንሱ።

የሚቀይሩ ተሳፋሪዎች

ሁለቱ መስመሮች፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውና ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚሄደው፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት አምስት ጣቢያዎች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ከአያት ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄድ ሰው በአምስቱ በየትኛውም ወርዶ እዚያው ሌላ ባቡር መጠበቅ ይችላል፤ ወደ ቃሊቲ የሚሄደው ግን አቅጣጫ ስለሚቀይር ስታዲየም ላይ ወደ ማዶው መሳፈሪያ ይሻገራል። ሁለቱም በበር ቆጠራ ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ። ቀያሪውን ለመለየት ስታዲየም ላይ ብቻ ብትጠይቁ የመጀመሪያዎቹ ያመልጧችኋል። በአምስቱም ጣቢያ ከሚሳፈሩት አሥረኛውን ሰው «አሁን ከባቡር ወርደው ነው ወይስ ከመንገድ መጥተው?» ብላችሁ ጠይቁ። በመላው መስመር ከተሳፈረው 50,000 ውስጥ ቀያሪው 12 በመቶ ሆኖ ከወጣ ትክክለኛው የጉዞ ብዛት 44,000 ነው። ሁለቱንም ቁጥር በየስማቸው ጻፉ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ትራንዚት አስተዳደር ከየከተማው የሚቀበለው የመጀመሪያውን ዓይነት ስለሆነ፣ ከሌላ ከተማ ጋር ስታነጻጽሩ የምትጠቀሙት 50,000ውን ነው።

ስንት ጉዞ ይበቃል?

ሁሉንም ባቡር መቁጠር ካልቻላችሁ በዕጣ ምረጡ። በጉዞዎች መካከል ያለው ልዩነት ከአማካዩ 40 በመቶ ያህል ከሆነ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ስህተቱን ወደ 10 በመቶ ለማውረድ 62 ጉዞ ይበቃል፤ ወደ 5 በመቶ ለማውረድ 246 ያስፈልጋል። ግማሽ ስህተት አራት እጥፍ ሥራ ነው። ጠዋትና ማታ ከቀኑ ለይታችሁ ምረጡ፤ አለዚያ ዕጣው ባዶ የቀትር ባቡሮች ላይ ይወድቃል። የአንድ ቀኑንም በ365 አታባዙት፦ የሥራ ቀን፣ ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀን ለየብቻ ተቆጥረው፣ እያንዳንዱ በዓመቱ ባለው የቀን ብዛት ተባዝቶ ይደመራል፤ ኃይል ተቋርጦ ባቡር የቆመባቸው ቀኖችም ከብዛቱ ይቀነሳሉ።