ሃይማኖት በሚነሳበት ጨዋታ ላይ ነጻ አሳቢን እንዴት እናስተናግድ

ባለፈው ዓመት በዳግም ትንሣኤ ዕለት ቤታችን ቡና ተፈልቶ፣ የነፍስ አባታችንም ተጋብዘው፣ ቶናው እየተቀዳ ሳለ ታናሽ ወንድሜ አንድ ጥያቄ አነሳ። «አባቴ፣ እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ የእኛ ጸሎት ምን ይለውጣል?» አላቸው። እሳቸው ስኒያቸውን አስቀምጠው ሊመልሱለት ሲዘጋጁ አክስቴ ሦስት ጊዜ አማተበች፤ ጎረቤታችን «ይሄ ልጅ ጠበል ያስፈልገዋል» አለች፤ ሌላው ደግሞ «ከማን ጋር ነው የምትውለው?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ በረካውን ሳይጠጣ ተነስቶ ወጣ። ካህኑን ስሸኛቸው «ጥያቄው እኮ በጉባኤ ቤትም የሚነሳ ነው፤ የምለው ነበረኝ፣ ማን አናገረኝ» አሉኝ። ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ያለ ጨዋታ በቤቱ፣ በማኅበሩ ወይም በጽዋው ለሚያስተናግድ ሰው ነው። እኔ አማኝ ነኝ። ወንድሜ ግን ዛሬ አያምንም፤ ያኔ በደንብ ብናስተናግደው ያምን ነበር ለማለትም አይደለም። የሚቆጨኝ ጥያቄው ሳይሰማ መቅረቱ ነው።

መጀመሪያ ስም ከማውጣት መቆጠብ ያስፈልጋል። ነጻ አሳቢ የምንለው «አባቶች ብለዋል» መባሉን ብቻ እንደ በቂ ማስረጃ የማይቀበል፣ ስለሚያምንበትም ስለማያምንበትም ነገር ምክንያት የሚፈልግ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው አማኝ ሊሆን ይችላል፣ ተጠራጣሪ ሊሆን ይችላል፣ ፈጣሪ የለም ብሎ የደመደመ ኢአማኒም ሊሆን ይችላል። «መናፍቅ»፣ «ከሃዲ»፣ «ተሐድሶ» የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፍቺና ታሪክ ያላቸው ሲሆኑ፣ ጠያቂውን ሁሉ በአንዱ ከረጢት መክተት ግን ውይይቱን ሳይጀመር ይገድለዋል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች የሆኑት መነኮሳት ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው በማለታቸው «ፀረ ማርያም» ተብለው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ብርቱ ስደትና ግድያ ደርሶባቸዋል። እነዚህ ሰዎች በጾምና በጸሎት የተጠመዱ አማኞች ነበሩ። ስሙ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ የሚሉትን አጣርቶ የሚሰማ ብዙም አልተገኘም። ስለዚህ ሰውዬው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ጠይቁትና በዚያው ጥሩት፤ እንዲህ ያለ መጠሪያ ካልፈለገም አባትና እናቱ ባወጡለት ስም መጥራት ይበቃል።

ከዚያ በፊት ግን ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አስተናጋጁ ቢያውቅ ይረዳዋል። በብዙ ሽማግሌዎች ጆሮ «እግዚአብሔር የለም» የሚለው ቃል የሚያስታውሰው ደርግን ነው። ቁስ አካላዊነት (ከቁስ አካል ውጭ መንፈስም ፈጣሪም የለም የሚለው ፍልስፍና) በውይይት ክበብ ይሰበክ በነበረበት በዚያ ዘመን ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወርደው ታስረው፣ በ1971 ዓ.ም. ተገድለዋል፤ በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ታፍነው ተገድለዋል። ይህን ያየ ሰው የአንድ ወጣት ጥያቄ ሲያስደነግጠው ልንፈርድበት አይገባም። ሆኖም ከ20 ዓመት በፊት የተወለደው ልጅ የዚያን ዘመን ዕዳ እንዲከፍል ማድረግም ፍትሕ አይደለም። እናቶችና አባቶች በተሰበሰቡበት ይህን አስቀድሞ በግልጽ መናገር ብዙ ንዴት ያበርዳል።

የመብቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የማሰብ፣ የሕሊናና የሃይማኖት ነጻነትን በአንድነት ያስቀምጣል፤ ሰውን በኃይል አስገድዶ እምነቱን መገደብም ይከለክላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 18ም እንዲሁ ነው፤ የቃል ኪዳኑ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ በ1993 እ.ኤ.አ. በሰጠው ማብራሪያ ጥበቃው ማንኛውንም ሃይማኖት ላለመከተል የመረጠውንም እንደሚጨምር ገልጿል። ቡና ላይ ሕግ መጥቀስ አያስፈልግም፤ አስተናጋጁ ግን በልቡ ሊይዘው ይገባል።

ስትጋብዙ እውነቱን ንገሩት። ለምሳ ነው ብላችሁ ጠርታችሁ ሰባኪ አዘጋጅታችሁ አትጠብቁት። ይህ በየቤቱ በፍቅር ስም የሚደረግ በደል ነው፤ የተደረገበት ሰው ዘመዱን ዳግመኛ አያምንም። ውይይት ካለ «እሑድ ስለ ጸሎት እንነጋገራለን፣ እገሌም ይኖራሉ፣ ብትመጣ ደስ ይለናል፣ ባትመጣም ቅር አንሰኝም» በሉት። ዐሥር ሰው በአንድ ሰው ላይ እንዳይዘምትም አስቡ። እሱ ብቻውን ከሆነ ሌሎቹ ተራ ይያዙ፤ አንዱ ጠይቆ መልሱ ሳያልቅ ሌላው አይጨምርበት።

ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ዋናው ሥራ አንድ ነው፤ ጥያቄውን ጠያቂው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ መልሶ መድገም። ይህ ከባሕላችን የወጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። የአንድምታ መምህር መጽሐፍ ሲተረጉም አንዱን ፍቺ ሰጥቶ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል፤ በሐተታውም «እንዲህ ብሎ የለምን ቢሉ» እያለ ተቃውሞውን ራሱ አንስቶ ይመልሳል። ደቀ መዝሙሩ ሳይጠይቀው መምህሩ የጠያቂውን ወንበር ይይዝለታል። ቡና ላይ የሚያማትቡት ዘመዶቻችን የሚከላከሉት ትምህርት ራሱ የተሠራው በጥያቄ ነው።

በፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው «ሐተታ» የተባለው የፍልስፍና ጽሑፍም (ከንጉሡ ጋር ሞክሼ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም) እዚህ ላይ የሚያስተምረን አለው። ጽሑፉ የማን እንደሆነ ከ1920 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሊቃውንት ይከራከሩበታል፤ የሚተርከው ሁኔታ ግን ዛሬም የምናየው ነው። ተራኪው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን መጻሕፍት ሲያስተምር «ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን እንዲህ ይላሉ» እያለ የሁለቱንም፣ የካቶሊኮቹንም የግብጽን ቤተ ክርስቲያን እምነት የያዙትንም፣ ያቀርብ ነበር። በዚህ የተነሳ ፈረንጆቹ ግብጻዊ፣ ግብጻውያኑ ፈረንጅ መሰላቸው፤ ሁለቱም ጠሉት፣ ንጉሡ ዘንድም ተከሰሰ፣ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሽቶ ዋሻ ገባ። የሁለቱንም ወገን አሳብ በቅንነት የሚያቀርበውን ሰው ሁለቱም ወገን የሚያሳድደው ከሆነ፣ በመካከል የሚቀረው የሚጯጯኸው ብቻ ነው።

ሊተዉ የሚገባቸው አባባሎችም አሉ። «ምን ደርሶብህ ነው?» የሚለው ጥያቄ አለማመንን እንደ ቁስል ይቆጥራል፤ ሐዘን የደረሰበት ሊኖር ቢችልም ያንን የሚነግራችሁ እሱ ነው። «ውጭ አገር ሄዶ ተበላሸ» ማለት ልጁ ራሱ ማሰብ አይችልም ማለት ነው። «ሳታምን እንዴት ጥሩ ሰው ልትሆን ትችላለህ?» የሚለው ደግሞ ከሁሉ የሚከብድ ይመስለኛል፤ እናቱን ሆስፒታል ሲያስታምም የከረመ ልጅ ፊት ይህ ሲነገር አይቻለሁ፤ ልጁ የመድኃኒቱን ከረጢት እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

ስለ ሕልም፣ ስለ ራእይና ስለ ተአምር ሲነሳ ውይይቱ ይከራል። አንዲት እናት «ጠበል ፈወሰኝ» ብትል እየመሰከረች ያለችው ስለ ራሷ ሕይወት ነውና እንግዳው ሊያፌዝባት አይገባም፤ «እርስዎ መዳንዎ ያስደስተኛል፤ ምክንያቱ ላይ ግን እንለያያለን» ማለት ግን ይችላል፤ አስተናጋጁም ይህን እንደ ስድብ እንዳይቆጠር ይጠብቅለት። ነጻ አሳቢዎችንም በዚሁ አጋጣሚ የምለምናችሁ አለኝ፤ የሰውን እምነት ስትተቹ ሰውየውን «ደንቆሮ» አትበሉት፣ ለቅሶ ቤትም የክርክር ቦታ አይደለም።

ጸሎት ሲደረስ ያላመነው ሰው ከሌሎቹ ጋር ተነስቶ ዝም ብሎ ቢቆም ይበቃል። «አሜን በል» ብሎ መጎትጎት፣ ወይም ሆን ብሎ «ዛሬ አንተ ጸልይልን» ማለት ፈተና ነው። በጾም ቀንም እንዲሁ፤ እናንተ ቤት የጾም ምግብ ከቀረበ የቀረበውን ይብላ፣ እሱ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ጾማችሁን ያክብርላችሁ።

አሁን ከሁሉ የምጠነቀቅበትን ልናገር። እዚያ የተባለው እዚያው ይቅር። ሳይፈቅድ ድምፁን ቀድቶ በቤተሰብ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ትዳሩን፣ ሥራውን፣ ወላጆቹን ሊያሳጣው ይችላል። በሳዑዲ አረቢያ የሚሠሩ ብዙ ወገኖች አሉን፤ እዚያ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ የኢአማኒነትን አሳብ ማራመድን ከሽብርተኝነት ጋር ፈርጆታል። አዲስ አበባ ላይ እንደ ተራ ሐሜት የተላለፈ ድምፅ ጅዳ ያለችውን እህት እስር ቤት ሊያስገባት ይችላል። ስለዚህ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ስልኮች ይቀመጡ፣ ይህንንም ለሁሉም ንገሩ።

በማግስቱ ለእንግዳችሁ ደውሉለት። ስለ ሃይማኖት አታንሱበት፤ ደህና ገባህ ወይ፣ እናትህ እንዴት ናቸው በሉት። እኔ ለወንድሜ የደወልኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። ስንገናኝ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ካህኑ ምን ሊሉኝ ነበር?» ብሎ ነው። የሳቸውን ስልክ ሰጠሁት፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ይገናኛሉ።