ዶከር አልጫን ሲል የድሮውን እንዴት እናንሳ?
ዶከር ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ለየብቻው በታጠረ ቦታ የሚያሠራ ነው። ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ከዶከር ሪፖዚተሪ (የፓኬጅ ማከማቻ) የሚመጣውን አዲሱን ልትጭኑ ትላላችሁ፣ ፓኬጅ የሚጭነውና የሚያነሳው አፕት ደግሞ እምቢ ይላል። ከጽሑፉ ጋጋታ መሃል ይቺን መስመር ፈልጉ፦ «ኮንቴይነርዲ ዶት አይኦ፦ ኮንፍሊክትስ፦ ኮንቴይነርዲ»። ችግሩ እሷ ላይ አለ። ሁለቱ አንድ ሥራ የሚሠሩ ፓኬጆች ናቸው፣ አንዱ ከኡቡንቱ፣ ሌላው ከዶከር የመጣ። አብረው አይቀመጡም፤ የድሮው ካልለቀቀ አዲሱ አይገባም።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ጎግል ላይ ያገኘውን «ፎርስ» ያለበት ትዕዛዝ ይለጥፋል። ተዉት። ፓኬጁ በግድ ይነሳል፣ ግን እሱን የሚፈልጉት ሌሎቹ ተንጠልጥለው ይቀሩና ከዚያ ወዲያ አፕትን ምንም ባዘዛችሁት ቁጥር ያንኑ ሲያማርር ትሰማላችሁ።

መጀመሪያ ያለውን እዩ። «አፕት ፖሊሲ» ብላችሁ የፓኬጁን ስም ስትጽፉ የተጫነውን ቨርዥን፣ ሊጫን የሚችለውንና ከየት እንደሚመጣ ያሳያችኋል። «አፕት-ማርክ ሾውሆልድ» ደግሞ አንዴ አትነካካ ብላችሁ የቆለፋችሁትን ያወጣል። አንዳንዴ ጥፋቱ የራሳችን ነው፣ ቆልፈን ረስተነው። በ«አንሆልድ» ልቀቁት። በስናፕ (በሌላኛው የኡቡንቱ መጫኛ) የተጫነ ዶከር ካለ አፕት አያውቀውም፣ «ስናፕ ሊስት» ብላችሁ ለብቻው እዩት።

አሁን ወደ ማንሳቱ። የሚነሱት ዶከር ዶት አይኦ (የኡቡንቱው ዶከር)፣ ኮንቴይነርዲና ራንሲ ናቸው፤ የድሮው ዶከር-ኮምፖዝ ካለም አብሮ ይሂድ። «ሱዶ አፕት ሪሙቭ» ብላችሁ ስማቸውን ታስከትላላችሁ፣ ግን መጀመሪያ ዳሽ ኤስ ጨምሩበት። እሷ ካለች አፕት ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ ይነግራችኋል። ይነሳሉ ያላቸውን አንድ በአንድ አንብቡ፣ ደህና ከሆነ ያለ ዳሽ ኤስ ድገሙት። እኔ አንድ ቀን ሳላነብ «ዋይ» ብዬ ኢንተር መታሁ። ላፕቶፑን አጥፍቼ ስከፍተው ዴስክቶፕ የሚባል ነገር የለም፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ስምህን አስገባ የምትል መስመር ብቻ! በ2021 አንድ ታዋቂ ዩቲዩበርም ፖፕ ኦኤስ በሚባለው ሊኑክስ ላይ የጌም ፕሮግራሙን ስቲምን ልጫን ብሎ ዴስክቶፑን በገዛ እጁ ሲያስጠርግ ብዙ ሰው አይቶታል። እሱንም አፕት ቀድሞ አስጠንቅቆት ነበር።

«ፐርጅ» የሚለውን ግን እዚህ ጋ አትጠቀሙ። ሪሙቭ ፕሮግራሙን አንስቶ ሴቲንጉን ይተወዋል፣ ፐርጅ ሴቲንጉንም ይጠርጋል። ዶከር ላይ ነገሩ ከሴቲንግ ያልፋል። ኢሜጆቻችሁ (ኮንቴይነር የሚነሳባቸው ፋይሎች) እና ቮሊዩሞቻችሁ (የኮንቴይነሩ ዳታ የሚቀመጥባቸው) ያሉት ቫር ውስጥ፣ ሊብ ሥር ባለው የዶከር ፎልደር ነው፤ የኡቡንቱውን ዶከር ፐርጅ ስታደርጉ እሱንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። በሞባይል ዳታ ስንት ጊጋ ኢሜጅ ያወረደ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዳታቤዝ ያለበት ቮሊዩም ካላችሁ ደግሞ ሪሙቭም ብትሉ ቀድማችሁ ባክአፕ ያዙ። ስታነሱት የሚሠሩት ኮንቴይነሮች ስለሚቆሙ ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት አድርጉት።

ከዚያ «አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ ዶከር-ሲኢን (አዲሱን ዶከር) እና ኮንቴይነርዲ ዶት አይኦን መጫን ነው። መብራት ጠፍቶ ወይም ኔት ተቋርጦ መሃል ላይ ከቀረ «አፕት ዳሽ ዳሽ ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ሊጨርሰው ይችላል። «ዶከር ፒኤስ ዳሽ ኤ» ብላችሁ የድሮ ኮንቴይነሮቻችሁን እስክታዩ ድረስ አያስፈልጉም ያላቸውን ፓኬጆች የሚጠርገውን አውቶሪሙቭን አትንኩት። ምን ተነሳብኝ ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ቫር፣ ሎግ፣ አፕት ውስጥ ያለው ሂስትሪ ዶት ሎግ በቀንና በሰዓት መዝግቦታል።