አፍንጫዋን ሰቅላ የምትወድቀው አውሮፕላኔ እንዴት እንደተስተካከለች

ሦስት ቀን ሙሉ ያው ነገር ነበር። የሪሞት አውሮፕላኔን በእጄ እወረውራታለሁ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ትሰቅላለች፣ ለአፍታ ቀጥ ትላለች፣ ከዚያ በአንድ ክንፏ ተገልብጣ መሬት ላይ ዷ! ከፎም የተሠራች ባትሆን ኖሮ ያኔውኑ አብቅቶላት ነበር።

መጀመሪያ በነፋሱ አሳበብኩ። ቀጥሎ ሞተሩ ደካማ መስሎኝ ጉልበት ጨመርኩ። ባሰባት። ኤሌቬተሩን (አፍንጫዋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጅራቷን ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ታች ባወርደውም ጠብ የሚል ነገር የለም፤ የሪሞቱን ስቲክ ትንሽ ስነካው እንደ ፌንጣ ትዘላለች።

ነገሩ የገባኝ ሁለት ጣቶቼን ከክንፎቿ ሥር አድርጌ ሳነሳት ነው። ጅራቷ ዘጭ አለ። ለካስ ክዳኑ እንዲገጥምልኝ ብዬ ባትሪውን ወደ ኋላ ገፍቼው ኖሯል። በዚያ ላይ በወደቀች ቁጥር ጅራቷ ላይ የደራረብኩት ሙጫና ፕላስተር አለ። እየጠገንኩ አባባስኩት ማለት ነው።

ለጀማሪ አውሮፕላን የሚዛን ነጥቡ (በጣት ሲያነሷት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳታዘነብል የምትቆምበት ቦታ) ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ በክንፉ ስፋት (ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ) 25 እስከ 33 በመቶ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። የእኔ ክንፍ ስፋቱ 18 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁ። አሮጌውን ፕላስተር ላጥኩ። ባትሪውን አፍንጫዋ በትንሹ ዘንበል እስክትል ወደ ፊት ገፋሁት፣ በቬልክሮ አሰርኩት። (ሚዛኑ የሚለካው ባትሪው ውስጥ እያለ ነው፤ ባዶዋን መለካት ዋጋ የለውም።) ኤሌቬተሩንም ወደ መሀል መለስኩት።

ወረወርኳት፤ ቀጥ ብላ ሄደች። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ዙር አዞርኳት። ማሳረፉ ገና ሌላ ጣጣ ነው።