የደመወዝ ጥያቄ እንዴት ይቀርባል? ከጀበና ቡና እስከ ሥራ ማቆም

ለገሃር አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ደመወዝ ሳይወራ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። በአራት ሰዓቱ ቡና ይወራል፣ በምሳ ይወራል፣ ማታ ታክሲ ስንጠብቅ ይወራል። ጭማሪ ግን የለም። ወሬው ወደ ወረቀት የገባው በአምስተኛው ዓመት ነው። ያኔ የተማርነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። "ኑሮ ተወደደ" ብትሉት አለቃችሁ "በእኔም ላይ ተወዷል" ይላችኋል። አንድ ደብተር ግዙና የአሥር ሠራተኛ የወር ወጪ ጻፉ፦ የቤት ኪራይ፣ ታክሲ፣ ምሳ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ዕድር። ስም አያስፈልግም፤ የሥራ መደብና የአገልግሎት ዘመን ይበቃል። እኛ ደምረን ስናየው ያስደነገጠን ትራንስፖርቱ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ በእግራቸው ይመጡ የነበሩ ልጆች ዳር ወጥተዋል። አንዷ የጥረዛ ክፍል ሠራተኛ ለመምጣት ሦስት ታክሲ፣ ለመመለስ ሦስት ታክሲ ትይዛለች። ስለዚህ ጥያቄያችን "ጭማሪ" ብቻ መሆኑ ቀረና የትራንስፖርት አበል ተጨመረበት።

እዚሁ ላይ የማንን ጥያቄ ለማን እንደምታቀርቡ ለዩ። ደመወዝና አበል የአሠሪው ነው። ግብር ግን የመንግሥት ነው፤ በእሱ ሥራ አስኪያጁን ብትጨቀጭቁት ትርፉ ድካም ነው። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ዓ.ም. ሕጉ ሲሻሻል ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ኢሠማኮ፣ ከዚያ በፊት ግብሩ ይቀነስ እያለ ሲወተውት ነበር። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም እንዲሁ የመንግሥት ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን ወለል የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ይናገራል።

ቀጥሎ ማኅበር መሥርቱ። በዚሁ አዋጅ መሠረት አሥር ሠራተኛ ከተገኘ ይበቃል። ከአሥር በታች የሆናችሁ ደግሞ ከሌሎች ትንንሽ ድርጅቶች ሠራተኞች ጋር ተደምራችሁ ጠቅላላ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ። የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይታቀፉም፤ የሥራ መሪዎችም እንዲሁ።

ከባዱ ነገር የመጀመሪያው ፊርማ ነው። እኛ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ካለችው ጀበና ቡና ቤት ተሰብስበን ወረቀቱ መሀል ተቀመጠ። ሁሉም ስኒውን ያያል። እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል እንጂ ወረቀቱን አይነካም። በመጨረሻ የማሽን ክፍሉ አዛውንት፣ ጋሼ የምንለው፣ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። "እኔ ጡረታዬ ደርሷል፣ ምን ያመጡብኛል?" ብሎ ፈረመ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ "አንተስ ልጄ?" አለኝ። እምቢ ማለት አፈርኩ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ አሥራ ስድስት ሆንን። የእናንተን ጋሼ ፈልጉ ነው የምላችሁ። ደግሞም የማኅበር አባል በመሆን፣ ለአመራርነት በመወዳደር ወይም አቤቱታ በማቅረብ ሠራተኛን ማባረር ሕገ ወጥ መሆኑን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ብዙ ሰው አያውቀውም።

መተዳደሪያ ደንቡን፣ የአባላቱን ዝርዝርና የአመራሮቹን ስም ከነፊርማቸው ይዛችሁ ወደ ከተማው የሥራና ክህሎት ቢሮ ሂዱና ተመዝገቡ።

አሁን ድርድር። የኅብረት ስምምነት ማለት ማኅበሩና አሠሪው ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የሚፈራረሙት ውል ነው። ረቂቁን አያይዛችሁ ለዚህ ስምምነት ድርድር በጽሑፍ ጠይቁ፤ አሠሪው በአሥር ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ተደራዳሪ ስትመርጡ ተናጋሪውን ሳይሆን የማይናደደውን ምረጡ። እኛ መጀመሪያ የላክነው አንደበተ ርቱዕ ልጅ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በሩን ደርግሞ ወጣ፣ ሁለት ሳምንት በከንቱ አለፈብን። እያንዳንዱ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይኑረው፤ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ወደ አስማሚ፣ ማለትም ሁለቱን ወገን ለማቀራረብ ወደሚመደብ ሰው፣ ይሄዳል።

ሥራ ማቆም የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሰፍሯል፤ አካሄዱ ግን ጥብቅ ነው። ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን አለበት። ከዚያ ምክንያቱን ጠቅሳችሁ ለአሠሪውና ለሚመለከተው ቢሮ የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ። ሆስፒታል፣ መብራት፣ ውኃ፣ ቴሌ፣ አየር መንገድና ቀላል ባቡር የመሳሰሉት ግን አስፈላጊ አገልግሎት ስለሆኑ አይፈቀድላቸውም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በክፍያ ጉዳይ ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎች ታስረዋል። በ1966 ዓ.ም. የያኔው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አገር አቀፍ አድማ ጠርቶ አዲስ አበባን ለቀናት አቁሟት ነበር። ያንን እየሰማን ያደግን ሰዎች አድማ ሲባል ወዲያው እሱ ይታየናል። የአንድ ድርጅት አድማ ግን ፀጥ ያለና ወረቀት የበዛበት ነገር ነው።

አደባባይ መውጣት ካሰባችሁ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 3/1983 አለ። ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይቀየር ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ከኤምባሲ፣ ከቤተ እምነትና ከሆስፒታል 100 ሜትር መራቅም ግዴታ ነው። እስቲ በመሀል አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ቦታ ፈልጉ! መስቀል አደባባይ ብትሉ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጠገቡ ነው። ስለዚህ መነሻና መድረሻውን አስቀድማችሁ በእግራችሁ እየሄዳችሁ ለኩ። በወረቀት ላይ ያለው ሁሉ እንደማይሆንም ዕወቁ፤ በ2015 ዓ.ም. ኢሠማኮ ለሜይ ዴይ ያሰበው ሰልፍ ተከልክሎ ቀርቷል። ደብዳቤ ስታስገቡ ሁለት ቅጂ ያዙ፤ በእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን ሳይመታበት ከመዝገብ ቤቱ መስኮት እንዳትነቃነቁ። "አልደረሰንም" የሚባል ነገር አለ።

እኛ እስከ አደባባይ አልደረስንም። የሥራ ማቆም ማስጠንቀቂያውን ባስገባን በስምንተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠራን። ከጠየቅነው የደመወዝ ጭማሪ ግማሹ ተፈቀደ፤ የትራንስፖርት አበሉ ሙሉ በሙሉ ተፈቀደ። ስምምነቱን አስመዘገብን፣ ቡና ጠጣን። የወሩ መጨረሻ ላይ ፔሮል ሲወጣ ግን የዚያች የጥረዛ ክፍል ልጅ አበል አልገባም ነበር። ደብተሩን ከመሳቢያ መልሰን አወጣን።